የጋሽ ዘርጋው ሸራ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ በአንዲት ቆላማ ከተማ ጋሽ ዘርጋው የሚባል የእግር ኳስ አስተላላፊ ነበር። ስታዲየሙ ውስጥ ማይኩን ይዞ ይቀመጥና ጨዋታውን ለተመልካቹ ይተርካል። «እያየ ላለ ሰው ምን ይተረክለታል?» የምትሉ ካላችሁ እሱን አልሰማችሁትም ማለት ነው። ጨዋታው ሲሞት የሚያነቃን እሱ ነበር። ልጅ ጠፍቶ እናቱ ስትጨነቅ በማይክ ጠርቶ ያገናኛቸዋል፤ ዳኛው እንኳ ይጠብቀው ነበር። እንግዳ ቡድን ሲያገባም ድምፁን ሳይቀንስ «ጎል!» ስለሚል የባላጋራ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ይወዱት ነበር።

ሲሞት ከተማው በሙሉ አለቀሰ። ደጋፊዎች ተሰበሰብንና ስታዲየሙ በር ላይ ሐውልት እናቁምለት አልን። መሰብሰብ እንኳ እናውቅበታለን።

የሺጥላ የሚባል ደጋፊ ስታዲየሙ በር ላይ ማሊያ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ለሐውልቱ ቦታ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተው እሱ ነው። አንዱ «ፕላኑ አይፈቅድም» ይለዋል፤ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለዋል። በመጨረሻ መረረው። መዶሻ አነሳና የገዛ ሱቁን አፈረሰ። «ቦታው ይኸው! ከእንግዲህ ማንንም አልለምንም» አለ። ዛሬ ማሊያ የሚሸጠው ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እየዞረ ነው።

ምህረቱ ደግሞ ዓይነ ስውር ነው። ከጋሽ ዘርጋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር ኳስ የሚከታተለው። መብራት ጠፍቶ ማይኩ ዝም ሲል፣ በጩኸቱ መሃል ቃል እንዳያመልጠው ጣቶቹን የጋሽ ዘርጋው ከንፈር ላይ ያሳርፋል፤ ያም ሳይሰለች ይተርክለታል። ሐውልቱን እንዲሠራ የቀጠርነው ቀራጭ መጀመሪያ በጭቃ ሞዴል ሲሠራ ችግር ገጠመው፤ በየፎቶው ላይ ማይኩ የጋሽ ዘርጋውን አፍ ጋርዶታል። በግምት ሠራው። እኛም አየንና «ደህና ነው» አልን። ምህረቱ ዳሰሰውና «ይሄ ደግሞ ማነው?» አለ። ወዲያው የጭቃውን ፊት በቡጢ ደረመሰው! ቀራጩ እየተሳደበ ወጣ። ምህረቱ እዚያው ተቀምጦ እየዳሰሰ፣ እያፈረሰ፣ ከንፈሩን በገዛ ጣቶቹ ሠራው። ሲጨርስ ተጠግተን አየነው። ሊናገር አፉን የከፈተ ጋሽ ዘርጋው ነበር።

ሦስተኛው ሐምዛ ነው፤ ሥራው ብረት አቅልጦ ድስት መሥራት ነው። ነሐስ ከየት ይምጣ? ከየቤቱ የተጣመመ ድስትና ክዳን ሰብስቦ አቀለጠ። የቀለጠውን ከሞዴሉ ላይ በወጣው የጭቃ ቅርጽ ውስጥ ሲያፈስ ቅርጹ ከጎኑ ተሰነጠቀና እንደ እሳት የጋለው ብረት መፍሰስ ጀመረ። ቢሸሽ ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ፊት፣ መሬት ላይ ሊቀር ነው። ሐምዛ ጭቃ አፍሶ ስንጥቁ ላይ በመዳፉ ለጠፈ፤ ብረቱ እስኪረጋም እየጮኸ ያዘው እንጂ አልለቀቀም። ሐውልቱ ዳነ። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም።

ሐውልቱ ቆመ፣ በሸራም ተሸፈነ። የሸራውን ገመድ ስቦ የሚመርቀው አንድ ሰው ነው፤ ስሙም ከሥሩ በእብነ በረድ ይጻፋል። ማን ይሁን? ጉዱ እዚህ ጋ ተጀመረ።

የሺጥላ፣ «የቆመው እኮ እንጀራዬ ላይ ነው» አለ።

ሐምዛ ቀኝ እጁን ዘረጋ። «በዚች እጅ ፍረዱ» ብሎ አሳየን።

ምህረቱ፣ «ፊቱ ባይኖር ማንን ልትገልጡ ነበር? እናንተ ሸራው ሲነሳ ታዩታላችሁ፤ ለእኔ የቀረኝ ገመዱን መሳብ ብቻ ነው» አለ።

አብራችሁ ሳቡት አልናቸው። ማን ከፊት ይያዝ በሚለው ተጣሉ። ዕጣ ይውጣ አልን። ሐምዛ፣ «እጄ የተቃጠለው በዕጣ ነው እንዴ?» ብሎ ጥሎን ሄደ። ቀጥሎ እኛው ራሳችን ለሦስት ተከፈልን። ከባላጋራ ጋር ሳይቀር ጎን ለጎን ያስቀመጠን ሰው ሐውልት አጠገብ፣ ዛሬ የአንድ ቡድን ደጋፊዎች ሰላም አንባባልም! ያናድዳል። እውነቴን ነው፣ ያንገበግባል።

ከሁሉ የከፋው የእትዬ አስካለ ነገር ነው። የጋሽ ዘርጋው ታላቅ እህት ናቸው፤ ሩቅ አገር ተድረው ለወንድማቸው ቀብር እንኳ አልደረሱም። ሐውልቱን ለማየት ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ መጥተው ሁለቴም ሸራ አይተው ተመለሱ። አንዱ አዝኖላቸው፣ «ጥጉን ገለጥ ላድርግልዎትና ይዩት» ቢላቸው ተቆጡ።

«ወንድሜ አደባባይ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ተደብቄ አጮልቄ አላየውም» አሉ። ከዚያ ዞር ብለው አዩንና፣ «የሰው ልጅ ሲጠፋ እሱ ይጠራ ነበር አሉ። እናንተ ስትጠፉስ ማን ይጥራችሁ?» አሉን።

አሁን በጠና ታመዋል። ቢሆንም እንደ ምንም ብዬ ለመጨረሻ ጊዜ እመጣለሁ ብለው ልከዋል። ሸራውም በፀሐይና በዝናብ አልቋል፤ እንዲሁ ስንነታረክ ንፋስ ገልጦት የሁላችንም ልፋት ሜዳ ሊቀር ነው። እኔ በበኩሌ ስፈርድ ስሽር ደክሞኛል፤ አንዱን በመረጥኩ ቁጥር የሁለቱ ፊት ይመጣብኛል። እስቲ እናንተ ከዳር ያላችሁት ፍረዱ፦ እትዬ አስካለ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ገመዱን ይዞ የሚጠብቃቸው ማን ይሁን? ሱቁን ያፈረሰው ነው፣ ፊቱን በጣቶቹ የሠራው ነው፣ ወይስ እጁን ያጣው?