ሁሌ የሚበራው ቤት

አንድ መብራት ሠሪ ነበር፤ ስሙ ድልነሳው ይባላል። ሥራውን የጀመረው በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የወተት ዱቄት ጣሳ ቆርጦ እንደ ቆብ ያበጀዋል፣ ሽቦና አምፖል ይገጥምለታል፣ የጠረጴዛ መብራት ይሆናል። መልኩ እንኳ አያምርም ነበር፤ ግን ይበራል።

ከመንገዱ ማዶ ሽብሩ የሚባል ልብስ ሰፊ ጓደኛ ነበረው። ድልነሳው አዲስ ዓይነት መብራት በሠራ ቁጥር ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ የሚሰቀለው በሽብሩ ቤት ነው። ሁለቱ ከሥሩ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሽብሩ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ክሩ ሳያስቸግር ከገባ፣ እነሱም ዓይናቸውን ሳያጨነቁሩ ሲጨዋወቱ ካመሹ፣ መብራቱ ፈተናውን አለፈ ይባላል። ክሩ እምቢ ካለ ግን ድልነሳው መብራቱን ነቅሎ፣ «በል ነገ እንገናኝ» ብሎ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዱ መብራት ምንም ሳይጎድለው የሚወድቀው በማግስቱም አብሮ ለማምሸት ተብሎ ነበር።

ሥራው አደገ። ክፍሏ ወርክሾፕ ሆነች፤ ወርክሾፑም ከከተማው ዳር ትልቅ ፋብሪካ ሆነ። የሆቴሉ አዳራሽ፣ የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ የአውራ ጎዳናው ምሰሶ ሁሉ በድልነሳው መብራት ይደምቅ ጀመር። ፋብሪካው የብርሃን መለኪያ መሣሪያም አስመጣ። መሣሪያው በቅጽበት ይለካል፣ አይሳሳትም፣ ወሬም አያበዛም። ስለዚህ ወደ ሽብሩ ቤት የሚሄድ መብራት ቀረ፤ መብራቱ ሲቀር ድልነሳውም ቀረ። ማንም ከማንም አልተጣላም። እንዲሁ ቀረ።

ድልነሳው በዚያው በሽብሩ ሰፈር ትልቅ ቤት ሠራ። ዓመታት አለፉ። ሚስቱ ሞተች፤ ልጆቹም አግብተው በየአገሩ ተበታተኑ። ያን ጊዜ ምሽቱ ይከብደው ጀመር። የጨለመ ክፍል ሲያይ ያው የሄዱት ሰዎች ትዝ ይሉታል። ስለዚህ ገና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ክፍሉን ሁሉ እየዞረ ያበራል። ከዚያ መስኮቱ ጋ ይቆማል። የሽብሩ መስኮት ማዶ በርቶ ያያል። «ሥራ ይዟል፤ ለምን ሥራ አስፈታዋለሁ?» ይልና መጋረጃውን ይመልሳል። ለራት ብቻውን ይቀርባል፤ ብዙ ጊዜም ሳይጨርሰው ይነሳል።

አንድ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ በርቶ ሳለ የእሱ ቤት ብቻ ድርግም አለ። ያ ሁሉ መብራት ከብዶት ኖሮ ቆጣሪው ተቃጥሏል። የመብራት ፋብሪካው ጌታ ቤቱ ውስጥ አንዲት ሻማ እንኳ አልነበረችውም። ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሽብሩ ነበር፤ በአንድ እጁ ሻማ፣ በሌላው ከዘራ ይዟል።

«ደህና ነዎት? ቤቱ ድንገት ሲጨልም ምን አገኛቸው ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሽብሩ፣ ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ የምትለኝ?»

«እንጃ። ሳንገናኝ ስንቆይ አፌ ላይ መጣ።»

«ለመሆኑ ለምን ጠፋህ?»

«በየምሽቱ ደጅ ወጥቼ ቤትህን አየው ነበር እኮ። ክፍሉ ሁሉ ቦግ ብሎ ሳይ፣ ዛሬም እንግዳ ሞልቶታል፣ በዚህ ልብሴ የት እገባለሁ እላለሁ። ተመስገን፣ ጓደኛዬ ሰው አላጣም ብዬ እመለሳለሁ።»

ድልነሳው ራሱን ይዞ ቀረ። «ከእኔ በቀር ማንም አልነበረበትም። እኔ ደግሞ ያንተን መብራት እያየሁ ሥራ ይዟል እል ነበር!»

«የምን ሥራ? ዓይኔ ደክሞ መርፌውን ካስቀመጥኩ ስንት ዘመኔ! እኔ የማበራው፣ ምናልባት ብትመጣ ጨልሞ አግኝተህ እንዳትመለስ ነው።»

ድልነሳው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሻማዋ እስክታልቅ አብረው ተቀመጡ።

በማግስቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሲመጣ ድልነሳው፣ «የራት ክፍሉን ብቻ አብራልኝ፤ ሌላው ይቅር» አለው። ከዚያ ወዲያ ከትልቁ ቤት የሚበራው አንድ መስኮት ብቻ ሆነ። ሰፈሩ ይህን አይቶ ዝም አላለም። «ሰውየው ከሰረ!» ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ተራ በተራ ሊያጽናናው መጣ። አንዷ ራት ቋጥራ፣ ሌላው ወንበር ስቦ፣ «አይዞዎት፣ ያልፋል» እያሉ ያመሹ ጀመር። ድልነሳው አንዳቸውንም አላረመም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እስቲ ቁጭ በሉ» ብቻ ይላቸው ነበር። ያለፉትን ምሽቶች ግን ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

እኛም ከሩቅ የምናየው የሰውን መብራት ብቻ ነው። ከደመቀ ሞልቶለታል እንላለን፤ ሥራ የያዘ ከመሰለን አናስቸግረው ብለን እናልፋለን። ጨዋነት ይመስለናል። ውስጥ ያለው ሰው ግን ጆሮው በሩ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እኛ የምንደርሰው ደግሞ መብራቱ ሲጠፋ ነው።

እርስዎስ፣ «እሱ ሰው አያጣም» ብለው የተዉት ወዳጅ ማን ነው? ይህን ጽሑፍ ከሚልኩለት ይልቅ ሄደው ቢያንኳኩ ይሻላል።