ከኋላ የሚሄደው አሽከር

ፊታውራሪ ወንድይራድ ቬኒስን ሊጎበኙ በሄዱ ጊዜ ጃንጥላቸውን የሚይዝ አንድ ምላሰኛ አሽከር ነበራቸው። ከተማው ውሃ ላይ የተሠራ ነውና ድልድዩም ጠባቡ መንገድም መዓት ነው። ጠዋት ከሆቴል ሲወጡ አሽከሩ፣ «ጌታዬ፣ ሰዉ ሁሉ የሚሄደው በዚያ በኩል ነው» ቢል ፊታውራሪ ገላመጡት።

«አሽከር ከጌታው እግሩም አፉም አይቀድምም! ከኋላዬ ሁን!»

እሱም አፉን ዘግቶ ተከተለ። ፊታውራሪ ሕንጻውን እያደነቁ፣ አደባባይ ላይ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ እየናቁ፣ ደረታቸውን ነፍተው ሲንጎራደዱ ዋሉ። አመሻሹ ላይ ግን ሆቴሉ የት እንደ ገባ ጠፋ። በየትም ቢታጠፉ ያው የዓሣ መሸጫ ፊታቸው ድቅን ይላል። እግራቸው ሲያብጥ፣ ሆዳቸው ሲጮህ፣ ዞረው አሽከሩ ላይ አፈጠጡ።

«መንገድ ያሳትከኝ አንተ ነህ! በሰው አገር ጌታውን ይዞ የጠፋ አሽከር ምን ይገባዋል? በል፣ ፍርዱን ራስህ ስጥ!»

አሽከሩ ጃንጥላውን አስተካክሎ እጅ ነሣ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ መቼ ጠፋሁ? ቦታህ ከኋላዬ ነው አሉኝ፤ ጠዋትም ከኋላዎ ነበርኩ፣ ይኸው አሁንም ከኋላዎ ነኝ። የጠፋ ሰው ካለ ከፊቴ ሲሄድ የዋለው ነው፤ በእሱ ላይ ደግሞ አሽከር አይፈርድም።»