አይደፈርና ለስላሳው ገለባ

«ተረት ተረት!»

«የላም በረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እራት አልበላችሁም እንዴ? በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ የወንድምሽን ጆሮ ልቀቂለት። ጀመርኩ።

በድሮ ዘመን፣ ወንዝ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ይመኙሻል የምትባል ባሏ የሞተባት ጥጥ ፈታይ ነበረች። ያላት ሀብት የጓሮ በቆሎና አይደፈር የሚባል ውሻ ብቻ ነው። በዚያ አገር ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል። አይደፈርም ቀን ቀን ጉቶ ሥር ታስሮ ይውልና ማታ በቆሎውን ከጃርት ይጠብቃል። ጃርት ደግሞ ይሉኝታ የላትም፤ ከገባች ማሳውን ሙልጭ አድርጋ ነው የምትወጣው። እንግዲህ ውሻው ከሌለ በቆሎ የለም፤ በቆሎ ከሌለ ይመኙሻል ዓመቱን የምትቀምሰው የላትም።

ከዕለታት አንድ ቀን አይደፈር ገላውን ማከክ ጀመረ። አከከ፣ አከከና ጅራቱ ሥር ያለው ፀጉር ተመለጠ። ከዚያም ወገቡ ተመለጠ። ከዚያም ሆዱ ደም መሰለ። ሰዉ ሁሉ ከአጥር ማዶ ቆሞ በሽታውን አወቀለት። የቀረበው ግን የለም።

አንዱ፦ ቡዳ በልቶት ነው፣ አለ።

ሌላው፦ የለም፣ ጥንብ በልቶ ነው፣ አለ።

ጎረቤቷ የውብዳርም፦ ክታብ እሰሪለት፣ አለቻት።

ይመኙሻል ክታብ አሰረችለት። ወይ ጉድ! ክታቡ አንገቱ ላይ፣ እከኩ ጅራቱ ሥር! በየት በኩል ይገናኙ?

በመጨረሻ የመንደሩ ሽማግሌ አያ ቢራራ መጡ። እሳቸው የተናገሩት መሬት ጠብ አይልም።

፦ ይመኙሻል፣ ይህ ውሻ ክፉ በሽታ ይዞታል። ዛሬ ውሻሽ፣ ነገ ልጆቻችን። ከገበያው ማግስት ገመድ ይዤ እመጣለሁ። ገደል እንሰደዋለን።

፦ እባክዎ አያ ቢራራ! በቆሎዬ ገና እሸት ነው!

፦ ለአንድ ውሻ ብለን አገር አናጠፋም፣ አሉና ሄዱ።

ይመኙሻል አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ግን፣ ነገር መመርመር የምትወድ ሴት ናትና፣ እንዝርቷን ይዛ ከውሻው ፊት ለፊት ቁጭ አለች። እየፈተለች ታየዋለች። ቀን ሙሉ ያካል። ማታ ሲፈታ ግን ከበቆሎው መሀል ጩኸቱ ነው የሚሰማት፤ ማከኩን ይተወዋል። ጠዋት ሲታሰር እንደገና ያካል።

፦ ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው? እሱም ሲመሽ ይተኛል እንዴ? አለች።

እውነቷን ነው። ቡዳ እንደሆነ ለማታ ብሎ እረፍት አይወጣ!

ከዚያም ያን ሁሉ ሰው ያስፈራውን ነገር አደረገች። ውሻውን ጠጋ አለችና ፀጉሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ቆዳው ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ያለ ጥቁር ፍርፋሪ አየች። አፈር ነው ብላ ልትተወው ነበር። ግን እጇ ላይ ጥጥ አለ። ጥጡን በውሃ አራሰችና ፍርፋሪውን አነሳችበት። ጥቂት ቆይቶ ጥቁሩ ዙሪያውን ቀላ።

፦ ኧረ በሞቴ! አፈር ደም አለው እንዴ? ይህስ ደም ጠጥቶ ያደረ ነገር ኩስ ነው!

ይህን ስትል አንዲት ቁንጫ ከውሻው ወገብ ተስፈንጥራ ገለባው ውስጥ ገባች። የቱ ገለባ? ይመኙሻል ውሻዋን ስለምትወደው፣ መሬቱ እንዳይቆረቁረው ብላ፣ በየመኸሩ ጉቶው ሥር ገለባ ታነጥፍለት ነበር። አሮጌውን ሳታነሳ አዲሱን ትደርብበታለች። ዶሮዎቿም እዚያው ይጭራሉ።

፦ ወይኔ! ለካ ውሻዬን ያቀማጠልኩ መስሎኝ ቁንጫ ስቀልብ ኖሬያለሁ! አለችና ደረቷን መታች።

ወዲያው ፀሐይ በሚመታው ደረቅ መሬት ላይ ካስማ ተከለችና ውሻውን ወደዚያ ወሰደችው። በእንዶድ አጠበችው፤ ገመዱንም ለወጠች። ገለባውን ግን አልነካችውም። ለምን አትሉኝም?

«ለምን?»

እንዲህ ጠይቁ እንጂ! ስሙኝ።

ከገበያው ማግስት አያ ቢራራ ጎረምሶች አስከትለው መጡ። አይደፈር አሁንም አልፎ አልፎ ያካል፤ ፀጉሩም ገና አልበቀለም። ቆዳ እንደ ቂም ነው፣ በአንድ ጀምበር አይሽርም።

፦ ይኸው፣ ምን ተሻለው? አሉ።

፦ አያ ቢራራ፣ በሽታው ያለው ከመዋያው ነው። ካላመኑኝ እዚያ ገለባ ላይ ይቀመጡና ጠላ ልቅዳልዎ። ጠላውን ጨርሰው ምንም ካልሆኑ፣ ውሻውን እኔው ፈትቼ እሰጥዎታለሁ።

፦ አበድሽ እንዴ አንቺ! አለች የውብዳር ከአጥር ማዶ።

አያ ቢራራ ሳቁ።

፦ በዚህ ዕድሜዬ የውሻ በሽታ ሊይዘኝ! አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ዘፍ አሉ።

ቁንጫዎቹ ደግሞ ውሻው ከሄደ ወዲህ ጦማቸውን ነው የሰነበቱት።

አያ ቢራራ ጠላውን ተጎነጩ። ከዚያም ቁርጭምጭሚታቸውን ጠፍ አደረጉ።

፦ ዝንብ ነው፣ አሉ።

ጣሳው ተጋመሰ። ሽማግሌው ወገባቸውን ከጉቶው ጋር ፈተግ ፈተግ አደረጉ።

፦ ይሄ ጉቶ ይቆረቁራል፣ አሉ።

ጠላውንም ለአንዱ ጎረምሳ አስያዙና ሁለት እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ። አከኩ፣ አከኩና ብድግ አሉ። ጋቢው ወዲያ፣ ገመዱ ወዲህ!

ይመኙሻል ገመዱን ከመሬት አነሳች።

፦ አያ ቢራራ፣ ለአንድ ሰው ብለን አገር አናጠፋም። እርስዎን ልሰርዎት ወይስ ገለባውን ላቃጥል? አለቻቸው።

፦ እሳት! እሳት አምጡ! አሉ፣ እያከኩ።

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ገለባው ነደደ። ቁንጫ ግን እንቁላሏን አፈር ውስጥ ሳትቀብር አትሞትምና፣ ይመኙሻል ሳትሰለች ጠረገች፣ ውሻውንም ደጋግማ አጠበች። በቆሎው ሲደርስ የአይደፈርም ጅራት ፀጉር አበቀለ። ጃርቷ ጦሟን አደረች። አያ ቢራራም ከዚያ ወዲያ ታማሚ ባዩ ቁጥር «ምን ሆነ?» ከማለታቸው በፊት «የት ነው የሚውለው?» ይሉ ነበር። ይመኙሻል ቤት ሲመጡ ግን ጠላቸውን ቆመው ነው የሚጠጡት።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጥብስ በቆሎ አብሱ! አንተ ደግሞ ምን ያሳክክሃል? ተነስ፣ መጀመሪያ ያን የተቀመጥክበትን አጎዛ ደጅ አውጥተህ አራግፍልኝ።