የቀጭኗ ቱቦ ዝምታ

ጽሕፈቴ ስለማያምርና ፊደል ስለምስት ይቅርታ አድርጉልኝ። ተረቱ ግን እንዲህ ነው፤ ጆሮ ስጡኝ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ሳሙና ፋብሪካ አንዲት አሮጊት ኮምፕረሰር ትኖር ነበር። አየር እየጨመቀች ታድላለችና ሁሉም እማማ ይሏታል። አየሩን ከእሷ ተቀብላ የምታደርስ አንዲት ቀጭን ቱቦ ነበረች። በዚያ አየር ወደፊት እየሄደና ወደኋላ እየተመለሰ ካርቶን የሚገፋው የብረት ክንድ ደግሞ ሲሊንደር ነው፤ ጉልበተኛ፣ አፉም የማያርፍ።

አንድ ቀን የቱቦዋ አንገት ተበሳ። ቀዳዳው መርፌ አያሾልክም፤ አየሩ ግን ሲስ እያለ ይወጣል። ቱቦዋ ፈራች። መካኒኩ ደርብ የተበሳ ጥቁር ቱቦ ቆርጦ ሲጥል አይታለች። ዝም አለች።

ሲሊንደር "እማማ፣ ጉልበት አነሰኝ። አረጀሽ መሰለኝ" አለ።

"ልጄ፣ ስትሄድ ካርቶን ትገፋለህ፤ ሙሉ ትንፋሽ ይገባሃል። ስትመለስ ግን ባዶህን ነህ። ለመመለሻው ትንሽ አይበቃህም?"

"እንደ አንካሳ እየተጎተትኩ ልመለስ? ሰው ምን ይለኛል?"

ደርብ መጣ። የእሱ ልማድ አየር ሲያንስ ግፊት መጨመር ነው እንጂ አየሩ ወዴት እንደሄደ አይፈልግም። ጨመረ። ቀዳዳው ሰፋ። ቱቦዋ ዝም አለች።

ሲሊንደር ደግሞ "አነሰኝ" አለ። ደርብ ጨመረ። ቀዳዳው ሰፋ። እማማ ጋለች።

"ቱቦዬ፣ የምሰጠው ሁሉ የት ነው የሚገባው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማማ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሊንደር "አነሰኝ" አለ። ደርብ ጨመረ። እማማ አንዴ አቃሰተች፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ቆመች። በሰንሰለት ጎትተው ከበሩ ውጭ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ጣሏት።

አዲስ ኮምፕረሰር መጣ። ሌሎቹ ማሽኖች ሳይነሱ ብቻውን ሲሞከር ደርብ ሲስ የሚለውን ድምፅ ሰማ። "አሃ፣ አንቺ ነሽ?" አለ። ቱቦዋ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን አንድ የብረት ማሰሪያ አምጥቶ አንገቷ ላይ አጠበቀላት። ያስቀመጠው ሻይ እንኳ ሳይበርድበት ጨረሰ።

"ያን ጥቁሩን ቱቦ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቆ ስለነበር ነው የጣልኩት" አለ ለራሱ። "አንቺማ ምን ሆንሽ?"

ሲሊንደር እየተንጎራደደ "አላልኳችሁም? ጥፋቱ የአሮጊቷ ነበር" አለ።

ውጭ ዝናብ እማማን ይደበድባታል። ቱቦዋ ወደ በሩ አየች።

"እማማ፣ አንቺ አልነበርሽም። እኔ ነበርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።"



የተደበቀ ቀዳዳ የእናት ትንፋሽ ይጨርሳል።