ጦጣ፣ ጃርትና ዝም ያለችው ካሴት

ተረት ልንገራችሁ። እናንተም «ንገሪን» በሉኝ። ለብዙ ዘመን በሆዴ ይዤው ስለኖርኩ፣ አነጋገሩ ቢጠፋኝ አትሳቁብኝ።

ድሮ፣ እንስሳትም ዕቃዎችም በሚነጋገሩበት ጊዜ፣ እመት ጦጣ የምትባል የጌም ቤት ባለቤት ነበረች። ያላት አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ያረጀ ጌምና አንዲት የጨዋታ ካሴት ብቻ ነው። የሰፈሩ ግልገሎችና ጫጩቶች ሊጫወቱ ይመጣሉ፤ ጦጣም በሚከፍሏት ትኖራለች። ካሴቷን ጌሙ ላይ ከመሰካቷ በፊት ሁልጊዜ አፏን አስጠግታ እፍ ትልባታለች። ጌም ቤት ያለው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል።

አንድ ሰሞን ጌሙ ማስቸገር ጀመረ። ምስሉ ይመጣና ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ነጭ ይሆናል። ግልገሎቹም ጫጩቶቹም ቀሩ። በዚያ ላይ አያ ጅቦ ጆንያውን ተሸክሞ «ቆራሌው» እያለ ሲዞር በሯ ላይ ቆመና፣ የማይሠራ ዕቃ ካለሽ ወደ ማታ እመለሳለሁ አላት። ይህን ጌሙም ሰማ።

ጦጣ ሮጣ ጠጋኟን እመት ጃርትን ጠራች። ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ዕቃዎቹን እየነካካች ማን እንደታመመ ጠየቀች።

ኬብሉ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ነው አለ። አዳፕተሩን በሌላ ቀየሩት። ጦጣ ካሴቷን እፍ አለችና ሰካች፤ ምስሉ መጣ። አዳፕተሩን ደጅ ጣሉት። ቴሌቪዥኑ ግን ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሆነ።

ቴሌቪዥኑ ጥፋቱ የኬብሉ ነው፣ ሌላውን ያማውም ለዚህ ነው አለ። ኬብሉን በሌላ ቀየሩት። ጦጣ እፍ አለችና ሰካች፤ ምስሉ መጣ። ኬብሉንም ደጅ ጣሉት። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሆነ።

አሁን ሁሉም ወደ ጌሙ ዞሩ። ጌሙ ምንም አላመመኝም ቢል የሚሰማው አጣ። ክዳኑን ፈቱት፣ ሆዱን ከፈቱት፣ ብየዳውን አደሱት። ጦጣ እፍ አለችና ሰካች፤ ምስሉ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ሆነ።

ጃርት ግራ ገባት። «የነካነው ሁሉ ያድነዋል፤ መልሶ ደግሞ ይታመማል። አንቺ ጦጣ፣ እኔ ሳላይ የምታደርጊው ነገር አለ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም። እንደ ሁልጊዜው ሰካሁ እንጂ።»

እውነቷን ነው። እፍ ማለትን ሥራ ብላ ቆጥራው አታውቅም።

ይኼኔ አያ ጅቦ መጣ። ደጅ ያገኛቸውን አዳፕተርና ኬብል ጆንያው ውስጥ ከተተ፤ አዳፕተሩንማ ሥጋ ያለው መስሎት ነከስ አደረገው። ከዚያ ለጌሙ ጆንያውን ከፈተ። ጦጣ እያለቀሰች ጌሙን ልትከተው ስትል፣ እስከዚያች ቀን ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቀው ካሴት ተናገረች።

«እመቤቴ፣ የታመምኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉም ዞሩ። ካሴት ድምፅዋ በኀፍረት እየተቆራረጠ አስረዳች። የጦጣ ትንፋሽ እርጥብ ነው፤ ለጊዜው ያነቃታል፣ ሲቆይ ግን ጌሙ ውስጥ የሚሰኩትን የብረት ጥርሶቿን ያዝጋል። ይኸው አረንጓዴ ሆነዋል።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?» አለች ጃርት። «ይሄ ምስኪን ሆዱ ሲከፈት እያየሽ?»

«ልጆቹ ጌሙን ይከቡታል፣ ቴሌቪዥኑን ያዩታል። እኔን የሚጠጋኝ ያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከተናገርኩ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ።»

ጃርት ላጲስ አውጥታ የካሴቷን ጥርሶች ቀስ ብላ ፈተገች፤ አረንጓዴው ለቆ ወርቃማው ብቅ አለ። ጦጣ ካሴቷን ተቀብላ እንደ ልማዷ አፏን አስጠጋች። ጃርት እሾኋን ቀሰረች። ጦጣ አፏን በእጇ ይዛ፣ ሳትተነፍስ ሰካች። ምስሉ መጣ። ትንሽ ቆዩ፤ አለ። ብዙ ቆዩ፤ አሁንም አለ።

አዳፕተሩና ኬብሉ ከጆንያው ወጡ። አያ ጅቦ፣ እዚህ ቤት በሽተኛውን እንኳ ለይተው አያውቁም ብሎ እያጉረመረመ ባዶ ጆንያውን ይዞ ሄደ። አዳፕተሩ ጎን ላይ ግን የጥርስ ምልክት ቀረ፤ ካሴት ባየችው ቁጥር ታፍራለች።

ጦጣም ከዚያ ወዲህ እፍ አትልባትም። ከመሰካቷ በፊት ጉንጯ ላይ ታስደግፋትና ትንሽ ትቆያለች።

በሽተኛው ዝም ሲል ጤነኛው ይታከማል። ተረቴ አለቀ፤ መጨረሻ የሚወጣው ቴሌቪዥኑን ያጥፋ።