የጠፋው ቀልደኛ

አንድ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ ስለ ጥልቅ ሥነ ልቦና ሁለት ቀን ሠለጠነና የልጅ ልብ ሁሉ የተገለጠለት መሰለው። የሥልጠናው ትምህርት ባጭሩ እንዲህ ነው፤ በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ ጀግናም፣ ጠቢብም፣ እናትም፣ ንጉሥም፣ ቀልደኛም አብረው ይኖራሉ። እሱ ግን አምስት የተለያዩ ልጆች መሰሉትና በየአንድ ለአምስት ቡድኑ አንዳንድ እንዲመደቡ አዘዘ።

ሊጎበኝ ሲመጣ አንዲት መምህርት በየቡድኑ የቀልደኛው ቦታ ባዶ የሆነበትን የተማሪዎቿን ዝርዝር ሰጠችው።

«ስልሳ ልጅ ይዘሽ አንድ ቀልደኛ አጣሽ?» ብሎ ጮኸባት። «አሁኑኑ ካላሳየሽኝ ነገ ሩቅ ወረዳ ትዛወሪያለሽ!»

«ኧረ አይቆጡ፣ ክቡር ኃላፊ» አለችው። «ከልጆቹ ጋር ስላልተመዘገበ ነው እንጂ፣ እሱማ በዓመት ሁለት ጊዜ በቢሮው መኪና ይመጣል።»