ጉሬዛን ለማየት ደጅ ጥናት

ተረት ተረት! «የጉሬዛ ጅራት» በሉኝ እንጂ፣ ዝም ብላችሁ አትዩኝ። የላም በረቱን ትናንት ጨርሰነዋል።

ከአንዲት ትንሽ ከተማ በላይ ዝግባና ወይራ የሞላበት ጥብቅ ደን ነበረ። በከተማዋ ትምህርት ቤት ደግሞ የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ነበረ። ሊቀመንበሯ ረድኤት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። ይህች ልጅ ስለ ደን ያልተናገረችው የለም። በሰልፍ ሰዓት ሰብካለች፣ ግጥም ጽፋለች፣ ጉሬዛን ጥቁር ገላውን ነጭ ካባ አልብሳ፣ ሌላ ቦታ ቢጠፋ የሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥላዋለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። ደኑ ውስጥ ገብታ አታውቅም፤ ጉሬዛም በዓይኗ አይታ አታውቅም።

አባላቱ ማጉረምረም ጀመሩ። «ጉሬዛ የሚባል እንስሳ የለም፣ ረድኤት ናት የፈጠረችው» አለ ናትናኤል፣ አፉ ከእግሩ የሚቀድመው ልጅ። «በዚህ ቅዳሜ ካላሳየሽን ሰኞ እግር ኳስ ክበብ እንገባለን።» የቀሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ረድኤት ደነገጠች። ክበብ ያለ አባል ምን ሊሆን ነው? ሊቀመንበርስ ያለ ክበብ ማንን ትሰበስባለች?

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቿን ከኮረብታው ግርጌ ትታ ወደ ደኑ በር ወጣች። ዘበኛው ጋሽ ወርዶፋ ካፖርታቸውን ደርበው በሩ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ከተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ነን። ጉሬዛ ለማየት ነበር፤ በሩን ይክፈቱልን።»

ጋሽ ወርዶፋ «ጥበቃ» የሚለውን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «የምን የጥበቃ ክበብ? እኔ እያለሁ ሌላ ጥበቃ ተቀጠረ? ጡረታዬ እኮ ገና ነው!»

«ኧረ እኛ የምንጠብቀው ተፈጥሮን ነው!»

«እና እኔ ምን የምጠብቅ መሰለሽ፣ ባንክ? ለማንኛውም ልጆች ያለ መምህር አይገቡም። መምህርሽ ይምጡ። እስከዚያ ጠብቂ።»

በር ያለ መምህር አይከፈት፣ ረድኤት ጉሬዛ አታይ!

ረድኤት መጠበቅ አልሆነላትም። እየሮጠች የሳይንስ መምህሯ ዘንድ ሄደች። መምህር አንተነህ ደጃፋቸው ላይ በነጠላ ጫማ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

«ቲቸር፣ እባክዎት ይነሡልን። የደኑ በር ያለ መምህር አይከፈትም አሉ።»

«በዚህ ነጠላ ጫማ ነው ኮረብታ የምወጣው? ደህናው ጫማዬ ሶሉ ተገንጥሎ ጋሽ ኤርጋኖ ዘንድ ነው። ማክሰኞ ይደርሳል ብለውኝ ነበር፤ የየትኛው ሳምንት ማክሰኞ እንደሆነ ግን አልጠየቅኋቸውም። ጠብቂ።»

መምህር ያለ ጫማ አይሄድ፣ በር ያለ መምህር አይከፈት፣ ረድኤት ጉሬዛ አታይ!

ጫማ ሰፊው ጋሽ ኤርጋኖ የመምህሩን ጫማ ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። እሳቸው ጫማውን ያያሉ፤ ጫማውም አፉን ከፍቶ እሳቸውን ያያል።

«ጋሼ፣ ይቺን ጫማ ቶሎ ይስፉልኝ። መምህር ያለ ጫማ አይሄድም፣ በር ያለ መምህር አይከፈትም።»

«ወስፌ አለ፣ ክር አለ። ክሩን የማሽበት ሰም ነው ያለቀው። ያለ ሰም የሰፋሁት እንደሆነ ገና መጀመሪያው ጭቃ ላይ ተፈትቶ መምህሩን ተማሪ ፊት ያዋርዳቸዋል። ሰም ሳይኖረኝ ስም ላጣ ነው? አባባ ደስቻለው ሰም ይልኩልኝ ይሆናል፤ ጠብቂ።»

ጫማ ያለ ሰም አይሰፋ፣ መምህር ያለ ጫማ አይሄድ፣ በር ያለ መምህር አይከፈት፣ ረድኤት ጉሬዛ አታይ!

ንብ አርቢው አባባ ደስቻለው ከገዛ ጎጆአቸው ርቀው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከቀፎ የወጣ የንብ መንጋ መጥቶ የጎጆው በር ላይ ሰፍሯል።

«አባባ፣ ትንሽ ሰም ይስጡኝ። ጫማ ያለ ሰም አይሰፋም፣ መምህር ያለ ጫማ አይሄድም፣ በር ያለ መምህር አይከፈትም።»

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ከቤቴ ተባርሬአለሁ! ሰሙም እዚያ ውስጥ ነው፣ ቁርሴም እዚያ ውስጥ ነው። እነዚህ ጉዶች ጭስ ካላዩ አይነሡም፤ እሱም የኩበት ጭስ መሆን አለበት፤ ሌላውን ይንቁታል። ኩበት ያላቸው እትዬ ደብሪቱ ናቸው። እስኪያመጡልኝ ጠብቂ።»

ሰም ያለ ኩበት አይወጣ፣ ጫማ ያለ ሰም አይሰፋ፣ መምህር ያለ ጫማ አይሄድ፣ በር ያለ መምህር አይከፈት፣ ረድኤት ጉሬዛ አታይ!

እትዬ ደብሪቱ ከደኑ ሥር ባለው የበቆሎ ማሳቸው መካከል፣ ማማ ላይ ወጥተው ይጮኻሉ። በቆሎ ሊሰርቁ የመጡ ጦጣዎች ከዛፍ ዛፍ እየዘለሉ ይመለከቷቸዋል። ጩኸቱን ከለመዱት ቆይተዋል።

«እትዬ፣ ኩበት!» አለች ረድኤት ከታች ሆና እያለከለከች። «ሰም ያለ ኩበት አይወጣም፣ ጫማ ያለ ሰም አይሰፋም፣ መምህር ያለ ጫማ አይሄድም፣ በር ያለ መምህር አይከፈትም!»

«ኩበትማ ቤቴ ሞልቷል! ከዚህ ማማ ከወረድኩ ግን በቆሎው አለቀልኝ። ትናንት ላስነጥስ ዘወር ብል እሸት ይዘው ሄዱ። ጠብቂ ልጄ፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ እነሱም ይገባሉ፣ እኔም እገባለሁ።»

በቆሎ ያለ ጠባቂ አይተርፍ፣ ኩበት ያለ እትዬ ደብሪቱ አይመጣ፣ ሰም ያለ ኩበት አይወጣ፣ ጫማ ያለ ሰም አይሰፋ፣ መምህር ያለ ጫማ አይሄድ፣ በር ያለ መምህር አይከፈት፣ ረድኤት ጉሬዛ አታይ!

ረድኤት እንባዋ መጣ። ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ምን ቅዳሜ አለ? ናትናኤል ሰኞ ማልያ ለብሶ ታያት። ደግሞስ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ስትጠና የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ዘበኛው ጠብቂ፣ መምህሩ ጠብቂ፣ ጫማ ሰፊው ጠብቂ፣ ንብ አርቢው ጠብቂ፣ አሁን ደግሞ እትዬ ደብሪቱ ጠብቂ! ሰው እንዴት በአንድ ቃል ብቻ ይኖራል?

ድንገት እንባዋን ጠረገችና የማማውን መሰላል መውጣት ጀመረች።

«አንቺ ልጅ! ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ጠብቂ አሉኝ አይደል? ልጠብቅልዎት ነዋ! በቆሎውን!»

«እኔ እንኳ ቆዪ ማለቴ ነበር።»

«ቆዪ ለማለት ቆዪ ይባላል እትዬ። ጠብቂ ካሉማ የጥበቃ ክበብን ነው የጠሩት!»

እትዬ ደብሪቱ ሳቁ። ረድኤት ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ አድርጋ አፏጨች። ክበቡ በሙሉ ከኮረብታው ግርጌ እየሮጠ መጣ፤ ማማው ላይ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ማሳውን ከበበ። «ድንጋይ አይወረወርም!» አለች ሊቀመንበሯ። ስለዚህ አጨበጨቡ፣ ባዶ ጄሪካን ደበደቡ። ናትናኤል ኳስ ሜዳ ላይ ወጥቶለት የማያውቅ ድምፅ ወጣለት። አንዲት እናት ጦጣ ልጇን ሆዷ ላይ አንጠልጥላ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠችና ታየው ጀመር። እሱም ጄሪካኑን ትቶ ያያት ጀመር። «የልጇ ጆሮ እኮ ሲያምር!» አለ። እንዲህ ያለ ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ አልነበረም።

ጠባቂ ተገኘና እትዬ ደብሪቱ ከማማ ወረዱ። እትዬ ደብሪቱ ወረዱና ኩበት መጣ። ኩበት መጣና ጎጆው ጨሰ። ጎጆው ጨሰና ንቡ ተነሣ፣ ሰሙ ወጣ፣ አባባ ደስቻለውም ቁርሳቸውን በምሳ ሰዓት በሉ። ሰሙ ወጣና ክሩ ታሸ። ክሩ ታሸና ጫማው አፉን ዘጋ። ጫማው አፉን ዘጋና መምህር አንተነህ ሌላ ሰበብ ፈልገው አጡ። ሰበብ አጡና ተነሡ። እትዬ ደብሪቱም ወደ ማማቸው ተመለሱና ልጆቹን አሰናበቱ፤ ለእያንዳንዱም እሸት ሰጡት።

ጋሽ ወርዶፋ መምህሩን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ ጫማቸው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። እንከን የለበትም። በሩን ከፈቱ።

«እኔም አብሬ ልግባ፤ ልጆች ናቸው፣ እንዳይጠፉ» አሉ።

«ይሻላል፤ እርስዎ ይምሩን» አሉ መምህር አንተነህ። «መንገዱን መቼም ያውቁታል።»

ጋሽ ወርዶፋ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እ... እኔ እኮ የተቀጠርኩት ለበሩ ነው። ፊትህን ወደ ከተማው አዙር ተብዬ ስቀመጥ ኖርኩ። ወደ ውስጥስ ገብቼ አላውቅም።»

ናትናኤል ሊስቅ ሲል ረድኤት ክንዱን ቆነጠጠችው። ተከታትለው ገቡ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱ በረጠበ ቅጠል ተሸፍኖ እግር ሲረግጠው ድምፅ የለውም። ጥቂት እንደ ሄዱ ከትልቅ ዝግባ ላይ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ሁሉም አንጋጠጡ። ጥቁር ገላ፣ ነጭ ካባ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ ረጅም ጅራት ከቅርንጫፉ ተንሳፈፈና ካባውን አየር ላይ ዘርግቶ ወደ ማዶው ዛፍ ተወረወረ። ተከትሎት ሌላው፣ ከዚያም ሌላው ዘለለ።

የናትናኤል እግር ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ቀደመ፤ ከሥራቸው ሮጠ። ረድኤት ታልቅስ ወይስ ትሳቅ አላወቀችም፤ ሁለቱንም አደረገች። ግድግዳው ላይ የሣለችው ለካ ሩቡን እንኳ አያክልም።

ጋሽ ወርዶፋ ግን ኮፍያቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። አንገታቸው እስኪያማቸው ድረስ ወደ ላይ እያዩ፦

«ይህን ኖሯል እንዴ ስጠብቅ የኖርኩት!» አሉ።

ተረቴ ዛፍ ላይ ወጣ፤ የፈለገ አንጋጦ ይየው።